የቆዩ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች የውጪ ልባስ ስንጥቅ አጠጋገን

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለዓሣ አስጋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የታወቀ ነው። በዓሣ ሀብት ረገድ ግን ታሪኩ የቅርብ ጊዜ ነው። ዛሬ በገበያ የሚታወቀው ቆሮሶ በሐይቁ ውስጥ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሎጎና በጎረቤቱ በአርዲቦ ሐይቅ ማስገር ለብዙ ቤተሰብ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ዓሣው ለሐይቅ ከተማ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ገበያ ይቀርባል።

ያለ ጀልባ ማስገር አይቻልም። በጣና ሐይቅ የሚሠራው የደንገል ታንኳ ጥቂት ወራት አገልግሎ ሲበሰብስ በሌላ ይተካል። የእንጨት ጀልባም ሲያረጅ ሳንቃው ይለወጣል፣ ስንጥቁ በሬንጅ ይደፈናል። የፋይበር ግላስ ጀልባ ግን እንደ ደንገል ስለማይበሰብስና እንደ ብረት ስለማይዝግ ባለቤቱን ያዘናጋል። ከላይ ነጭና ጠንካራ መስሎ ሳለ፣ በቀጭን ስንጥቅ የገባ ውኃ ዓመት ከዓመት ውስጡን ሊያደክመው ይችላል። የሎጎ ሐይቅ ጥልቀት በመካከሉ ከ80 ሜትር በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ የጀልባ ብልሽት ከንብረት ጉዳት አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስንጥቅ በጀልባ ላይ ሲታይ ምን ዓይነት እንደሆነ ለመለየት፣ በማኅበሩ አቅም የሚጠገነውን በትክክል ለመጠገን፣ የማይጠገነውን ደግሞ ለይቶ ከሥራ ለማገድ የሚያስችል ዕውቀት መስጠት ነው።

1. የፋይበር ግላስ ጀልባ አሠራር

ጀልባው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት።

ሀ/ አካል፦ ከቀጫጭን የመስታወት ጭረቶች የተሠራ ምንጣፍ መሰል ጨርቅ በፖሊስተር ሬዚን ርሶ፣ ተደራርቦና ደርቆ የሚገኝ ንብርብር ነው። ጭነትንና የማዕበልን ግፊት የሚሸከመው ይህ ክፍል ነው።

ለ/ የውጪ ልባስ፦ በንግድ ስሙ ጄልኮት ይባላል። ቀለም የገባበት ፖሊስተር ሲሆን የመስታወት ጭረት የለበትም። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሥራውም አካሉን ከፀሐይና ከውኃ መከላከል ነው።

ልባሱ ጭረት ስለሌለው ከአካሉ ይልቅ ድርቅና ተሰባሪ ነው። አካሉ ሲተጣጠፍ ልባሱ አብሮ መተጣጠፍ ሲያቅተው ይሰነጠቃል። ከ0.8 ሚሊ ሜትር በላይ ወፍሮ የተቀባ ልባስ ደግሞ ይበልጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «ወፈር አድርጎ መቀባት ያጠነክራል» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው።

የአካባቢያችንም ሁኔታ የራሱ ድርሻ አለው። ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የፀሐይ ጨረር ብርቱ ነው። ጨረሩ ልባሱን ያደርቀዋል፣ እንደ ጠመኔም ያቦንነዋል። እንዲሁም ጨው አልባ የሐይቅ ውኃ ከባሕር ውኃ ይልቅ በልባሱ ውስጥ ሰርጎ የመግባት ኃይል ስላለው፣ ዘወትር ውኃ ላይ ታስሮ የሚውልና የሚያድር ጀልባ ከሥሩ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች ሊያወጣ ይችላል።

2. ከሁሉ አስቀድሞ፦ ጀልባው በእርግጥ ፋይበር ግላስ ነውን?

በገበያ ላይ ከፖሊኢትሊን ፕላስቲክ የተሠሩ ጀልባዎችም አሉ። በእነዚህ ላይ ሬዚን አይጣበቅም። ለመለየት በማይታይ ቦታ ላይ በሞረድ ጥቂት መሞረድ ነው። ደረቅ ብናኝ ከወጣ ፋይበር ግላስ ነው፤ እየተጠቀለለ የሚወጣ መላጫ ከሆነ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ የዚህ ጽሑፍ መመሪያ አያገለግለውም።

3. የስንጥቅ ዓይነቶችና መንሥኤያቸው

ስንጥቅ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው። መንሥኤው ሳይታወቅ የተደፈነ ስንጥቅ ተመልሶ ይከፈታል። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ከአንድ ነጥብ እንደ ኮከብ ጨረር የሚበተን፦ ከጀልባው ውስጥ በኩል የደረሰ ምት ውጤት ነው። ለምሳሌ መልሕቅ ወይም ድንጋይ ወለሉ ላይ ሲወረወር ይከሠታል።

ለ/ እንደ ቀለበት የሚዞር፦ ከውጪ በኩል ከድንጋይ ወይም ከሌላ ጀልባ ጋር በመጋጨት የሚመጣ ነው።

ሐ/ ጎን ለጎን የተሰለፉ ረጃጅም ስንጥቆች፦ አካሉ በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ እንደሚታጠፍ ያመለክታሉ። በመቀመጫ ጠርዝ ሥር፣ በወለሉ ማዕዘንና ሞተር በሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ አጠገብ ይታያሉ።

መ/ በብሎን ዙሪያ የሚታይ፦ ብሎኑ ከመጠን በላይ ስለጠበቀ ወይም ከሥሩ ሰፊ መደገፊያ ስለሌለው የሚመጣ ነው።

ሠ/ እንደ ደረቀ የጭቃ መሬት መረብ የሠራ፦ ልባሱ በዕድሜና በፀሐይ ወይም ከመጀመሪያው ወፍሮ በመቀባቱ የመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አካሉን አይነካም፤ ሆኖም የውኃ መግቢያ ይሆናል።

4. የምርመራ አደራረግ

1ኛ/ ጀልባው ከውኃ ወጥቶ በእንጨት ላይ ይገለበጣል፤ በሳሙናና በንጹሕ ውኃም ይታጠባል።

2ኛ/ ገጹ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ በፀሐይ ሲደርቅ ይታያል። ደኅናው ቦታ ቀድሞ ሲደርቅ ስንጥቁ እርጥበት ስለሚይዝ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል። ይህም በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል።

3ኛ/ በስንጥቁ ዙሪያ በሳንቲም ጠርዝ ቀስ እያሉ ማንኳኳት ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ አካሉ ደኅና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ንብርብሩ ተለያይቷል ወይም ውኃ ይዟል።

4ኛ/ አንድ ሰው ከውስጥ ሲጫን ሌላው ከውጪ ስንጥቁን ይመለከታል። ስንጥቁ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ አካሉ ደክሟል።

5ኛ/ ልባሱ በትንሹ ተፍቆ ከሥሩ ያለው ጭረት ይታያል። ጤነኛ አካል ብርሃን የሚያሳልፍ ዓይነት ገጽታ አለው። ነጣ ብሎ ጭረቱ የተበታተነ ከሆነ ተሰብሯል።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ጀልባው ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱ ይመደባል።

ሀ/ ልባሱ ብቻ የተሰነጠቀ፦ በክፍል 6 መሠረት ይጠገናል።
ለ/ አካሉ በጠባብ ቦታ የተጎዳ፦ በክፍል 7 መሠረት ይጠገናል።
ሐ/ የታችኛው ዋና አጥንት ለመሐል የተሰነጠቀ፣ የሞተር ግድግዳው የላላ፣ ወይም የታፈነ ድምፅ በሰፊው የሚሰማበት፦ ልምድ ያለው ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ከሥራ ይታገዳል።

በሦስተኛው ክፍል የተመደበ ጀልባ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ መውጣት የለበትም። በገበያ ቀን ይህን ውሳኔ ማስከበር ለማኅበሩ ሊቀመንበር ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል። ስለሆነም ውሳኔው ጀልባው ከመበላሸቱ በፊት በማኅበሩ ስብሰባ ደንብ ሆኖ ቢጻፍ ይመረጣል።

5. ጊዜ፣ ቦታና ዕቃ

ጊዜ፦ ሬዚን እንዲጠነክር ሙቀት ያስፈልገዋል። ተስማሚው ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከ15 ዲግሪ በታች ሥራው መጀመር የለበትም። ጀልባውም ፈጽሞ መድረቅ ስላለበት የክረምቱና የበልጉ ዝናብ ወቅት አይመችም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የበጋ ጊዜ የተሻለ ነው። ነገር ግን በዚህ ወቅት ሌሊቱና ጠዋቱ ስለሚቀዘቅዝ የማጣበቁ ሥራ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢከናወን ይመረጣል። ጀልባውን በመኪና ማጓጓዝ ለሚችል ማኅበር፣ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ኮምቦልቻ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከደሴ ይልቅ ለዚህ ሥራ ትሞቃለች።

መድረቁን ማረጋገጫ፦ 30 ሴንቲ ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ በጀልባው ሥር ዙሪያውን በፕላስተር ይለጠፍና አንድ ቀንና ሌሊት ይቆያል። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ጀልባው ገና አልደረቀም። ለወራት ውኃ ላይ የቆየ ጀልባ ለመድረቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ቦታ፦ ጥላና ነፋስ ያለው፣ ከሐይቁ ዳር ራቅ ያለ ይሁን። በቀጥታ ፀሐይ ሥር ሬዚኑ ያለጊዜው ይጠነክራል።

ዕቃ፦ ጄልኮትና ሃርድነሩ፣ አሴቶን፣ 80፣ 120፣ 220፣ 400ና 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ሦስት ማዕዘን ሞረድ፣ ስፓቱላ፣ ሲሪንጅና ትንሽ ሚዛን፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ። ሬዚንና ጄልኮት በቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ ከወራት በኋላ ስለሚበላሽ ሲገዛ የተመረተበት ቀን መታየት አለበት።

ስለ ስቱኮ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች የመኪና አካል የሚደፈንበት ስቱኮ በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙዎች ለጀልባም ያውሉታል። ስቱኮ የተሠራው ከሬዚንና ውኃ ከሚመጥ ዱቄት ስለሆነ ከውኃ መስመር በታች መዋል የለበትም። ውኃ መጥቶ ያብጣል፣ ከቆይታ በኋላም ይፈነቀላል።

6. የልባስ ስንጥቅ አጠጋገን

1ኛ/ ቦታው በአሴቶን በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ይህ ከመፋቁ በፊት መደረግ አለበት። አለዚያ በገጹ ላይ ያለው ሰም፣ ቅባትና የዓሣ ስብ በመፋቂያው እየተገፋ ወደ ውስጥ ይገባል።

2ኛ/ ስንጥቁ በሞረዱ ሹል ጫፍ ይከፈታል። የቦዩ አፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ፣ ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ፣ ጥልቀቱ እስከ ልባሱ መጨረሻ ይደርሳል። ከስንጥቁ ጫፎችም ጥቂት አልፎ ይከፈታል። ስንጥቁን ሳይከፍቱ ከላይ መቀባት ለአጭር ጊዜ ከመሸፈን በቀር ጥቅም የለውም፤ ጄልኮቱ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ውስጥ ሊገባ አይችልም።

3ኛ/ ጠርዙ በ80 ወይም በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል። ብናኙ በብሩሽ ይጠረጋል፤ እንደገና በአሴቶን ተወልውሎ ግማሽ ሰዓት እንዲነፍስ ይተዋል። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም።

4ኛ/ የቦዩ ግራና ቀኝ በወረቀት ፕላስተር ይከለላል።

5ኛ/ ጄልኮቱ ይዋሐዳል። ለ100 ግራም ጄልኮት ከ1.5 እስከ 2 ግራም ሃርድነር ይበቃል። 2 ግራም በሲሪንጅ ሲለካ ከ2 ሚሊ ሊትር ጥቂት ያነሰ ነው። ለ50 ግራም የዚህ ግማሽ ይሆናል። የአምራቹ መመሪያ ከዚህ የተለየ ከሆነ የአምራቹ ይከበራል። ቀኑ ቀዝቀዝ ካለ ወደ 2 ግራም መጠጋት ነው። ቀኑ ከሞቀ ደግሞ ሃርድነሩን ከማሳነስ ይልቅ ጥቂት በጥቂት ማዋሐድ ይሻላል። ሃርድነሩ ያነሰው ጄልኮት ፈጽሞ ሳይጠነክር ሊቀር ይችላል፤ የበዛበት ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል።

6ኛ/ አየር እንዳይገባበት ቀስ ብሎ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይማሰላል። ከዚያም ቦዩ በስፓቱላ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ይሞላል። ጄልኮት ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ከዙሪያው ጥቂት ከፍ ብሎ ይቅር።

7ኛ/ ላስቲኩ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየተጫነ ይለጠፍበታል። ተራ ጄልኮት አየር ሲያገኘው ገጹ የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራልና ነው። ሰም የተጨመረበት ዓይነት ከሆነ ግን ላስቲክ አያስፈልገውም።

8ኛ/ በማግሥቱ በጥፍር ተጭኖ የማይሰረጉድ ከሆነ ላስቲኩ ይነሣል። በ220፣ ቀጥሎ በ400፣ በመጨረሻም በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያጠጡ ይለሰልሳል። ለዓሣ ጀልባ ይህ በቂ ነው።

9ኛ/ ጀልባው ወደ ውኃ ከመመለሱ በፊት በሞቃት ጊዜ ቢያንስ 3 ቀን፣ በቀዝቃዛ ጊዜ 7 ቀን ይቆይ።

ኢፖክሲ የተባለው ማጣበቂያ ከተገኘ ከውኃ መስመር በታች ከፖሊስተር የተሻለ ይጣበቃል። ነገር ግን ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ በኢፖክሲ ላይ ፖሊስተር ጄልኮት በደንብ ስለማይጣበቅ በቀለም መሸፈን አለበት፤ ፀሐይ ኢፖክሲን ትጎዳዋለች። ሁለተኛ፣ የኢፖክሲ ሁለቱ ክፍሎች የሚዋሐዱት አምራቹ በወሰነው ልክ ብቻ ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ሃርድነር መጨመር ያበላሸዋል።

7. አካሉ ሲጎዳ

የተሰበረው ጭረት ደኅናው እስኪገኝ ድረስ ተፍቆ ይነሣል። ከዚያም ዙሪያው ቀስ እያለ በሚጠልቅ ተዳፋት ይፋቃል። የተዳፋቱ ስፋት የአካሉን ውፍረት 12 እጥፍ መሆን አለበት። ይኸውም አካሉ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ በየበኩሉ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ጥገናው የሚይዘው በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ስለሆነ ተዳፋቱን ማሳጠር ድካምን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል።

በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን የመስታወት ምንጣፍ ሲጠነክር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ለ4 ሚሊ ሜትር 4 ቁራጭ ያስፈልጋል። ቁራጮቹ በመጠን እየተበላለጡ ይቆረጡና ትልቁ አስቀድሞ ይነጠፋል። የሬዚኑ ክብደት የምንጣፉን ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ይሁን። እያንዳንዱ ንብር ነጭ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ በብሩሽ ወይም በሮለር እየተጫነ አየሩ ይወጣል። ሬዚን ሲጠነክር ሙቀት ስለሚያመነጭ በአንድ ጊዜ ከ4 ንብር በላይ መደራረብ አይገባም። አካሉ ከጠነከረ በኋላ ልባሱ በክፍል 6 መሠረት ይሠራል።

8. መንሥኤውን ማስወገድ

ለምሳሌ ያህል፣ በመካከለኛው መቀመጫ ሥር ጎን ለጎን የተሰለፉ ስንጥቆች ያሉበትን ጀልባ እንውሰድ። ማኅበሩ በየዓመቱ በስቱኮ ይደፍነዋል፤ በየዓመቱም ይከፈታል። ጉድለቱ ከመድፈኛው ሳይሆን ከመቀመጫው ነው። ሁለት ሰው በተቀመጠ ቁጥር ጠንካራው የመቀመጫ ጠርዝ ስሱን አካል በአንድ መስመር ላይ ያጥፈዋል። እንግዲህ ከውስጥ በኩል በጠርዙ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ንብር ምንጣፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አስፍቶ መጨመር ወይም ደረቅ የእንጨት ዘንግ አስቀምጦ በፋይበር ግላስ መሸፈን ያስፈልጋል። በብሎን ዙሪያ ለሚሰነጠቅም ከሥሩ ሰፊ የብረት ወይም የጣውላ ዋሸራ ይደረግለታል። በዳር ድንጋይ ላይ የሚጎተት ጀልባ ደግሞ የእንጨት መንሸራተቻ ይዘጋጅለት።

9. የጥንቃቄ መመሪያ

ሀ/ የፖሊስተር ሃርድነር ዓይንን እስከ መታወር የሚያደርስ ኬሚካል ነው። መነጽር ሳይደረግ አይለካም። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ለ/ ሃርድነርና ኮባልት የተባለው ማፍጠኛ በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ። ማፍጠኛው ለብቻው ከተገዛ በመጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር ፈጽሞ ተዋሕዶ ካበቃ በኋላ ብቻ ሃርድነሩ ይጨመራል። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡ። ሃርድነሩ ከአሴቶን ጋርም አይቀላቀል።

ሐ/ በሥራው ቦታ ሲጋራ ማጨስ፣ ከሰል ማቀጣጠል፣ ቡና ማፍላት ክልክል ነው።

መ/ የተረፈ ውሕድ በዕቃው ውስጥ ሊግልና ሊጨስ ስለሚችል ሜዳ ላይ፣ በአሸዋ ላይ ተቀምጦ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል።

ሠ/ በሚፋቅበት ጊዜ የአፍንጫ መሸፈኛና እጀ ረጅም ልብስ ይለበሳል። ብናኙ ተጠራርጎ ይሰበሰባል እንጂ ወደ ሐይቁ አይጣልም፤ ውኃውን ሰውም ከብትም ይጠቀምበታል።

ረ/ ሥራውን ልጆች አይሠሩም፤ በአካባቢውም አይቆሙም።

10. ፍተሻና መዝገብ

የተጠገነው ጀልባ በመጀመሪያ ወደ ጥልቁ አይወሰድም። ጉልበት በሚደርስ ውኃ ላይ የተለመደውን ጭነት በሚያህል የአሸዋ ጆንያ ተጭኖ አንድ ሰዓት ይቆያል። ከውስጥ የሚያነባ ቦታ ከታየ ወጥቶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ይሠራል።

ማኅበሩ ለየጀልባው አንድ ደብተር ይያዝለት። በደብተሩም ስንጥቁ የታየበት ቀንና ቦታ፣ ርዝመቱ፣ መንሥኤው፣ የተጠገነበት ዕቃና የሠራው ሰው ይጻፋል። በሚቀጥለው ዓመት ስንጥቁ በዚያው ቦታ ከተመለሰ መንሥኤው እንዳልተወገደ ደብተሩ ይመሰክራል።

ጀልባው በማይሠራበት ጊዜ ከውኃ ወጥቶ በጥላ ሥር ተገልብጦ ቢቀመጥ ብዙው ስንጥቅና እብጠት ከመምጣቱ በፊት ይቀራል። የዚህ ሥራ ወጪ የሁለት ሰው ጉልበትና ጥቂት የሣር ክዳን ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በአካባቢው ያሉትን ጀልባዎች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከአስጋሪዎቹ ጋር ሆኖ እንዲመረምር ይመከራል። የመጀመሪያው ምርመራ በአንድ ጀልባ ላይ በሠርቶ ማሳያ መልክ ቢደረግና አስጋሪዎቹ ራሳቸው በሳንቲም እያንኳኩ ድምፁን እንዲለዩ ቢደረግ ትምህርቱ አይረሳም። የታፈነውን ድምፅ አንድ ጊዜ በጆሮው የሰማ አስጋሪ በዚያ ጀልባ ልጁን ይዞ ወደ መካከል አይቀዝፍም።